«ጌት» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ግሥ ፍቺዎችና በክፍል ውስጥ የሚያስከትሉት ችግር

በማናቸውም ቋንቋ ዘንድ በየዕለቱ ከአፍ የማይጠፉ ጥቂት ግሦች አሉ። እነዚህ ግሦች አጫጭርና ለአነጋገር ቀላል ስለሆኑ ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቃቸው ይመስለዋል፤ መምህሩም በአንድ ቃል ተርጕሞ ያልፋቸዋል። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከእነዚህ መካከል ዋነኛው በጂ፣ በኢ እና በቲ ፊደላት የሚጻፈው «ጌት» ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ይህ ቃል በብዙ ደብተሮች ላይ «ጌት ማለት አገኘ» ተብሎ ሰፍሮ ይገኛል። ትርጕሙ ስሕተት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከግሡ ሰፊ ግዛት አንዱን ማዕዘን ብቻ የሚያሳይ ነው።

ጉዳዩ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጕዳቱ ያን ያህል ባልከፋ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ይህን ግሥ የሚገናኘው በሒሳብ፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ትምህርትም ጭምር ነው። ለምሳሌ ያህል የፊዚክስ መምህሩ ስለ ጋዝ መስፋፋት ሲያስረዳ «ዘ ጋዝ ጌትስ ኮልደር» አለ እንበል። ሐሳቡ «ጋዙ እየቀዘቀዘ ይሄዳል» ማለት ነው። ቃሉን «አገኘ» በሚል ፍቺ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ግን ጋዙ ያገኘው ነገር ምን እንደ ሆነ ሲፈልግ መምህሩ ወደሚቀጥለው ነጥብ ተሻግሯል። በሚከተለው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ መምህሩ እኩሌታውን ሠርቶ «ዊ ጌት ኤክስ ኢኳልስ ፋይቭ» ይላል፤ እዚህ ላይ «አገኘን» የሚለው ይሠራል። ተማሪው ሒሳቡ ገብቶት ፊዚክሱ ያልገባው የፊዚክሱ ሕግ ከብዶት ይመስለዋል፤ መምህሩም እንዲሁ ያስባል፤ ፈተና ሲመጣም ውጤቱ በፊዚክስ ድክመት ይመዘገባል።

የአንድ ግሥ ፍቺ መብዛት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። «መታ» የሚለውን ግሥ እንመልከት ቢባል፣ ሰው ሰውን ይመታል፤ ከበሮ ይመታል፤ ጸሓፊዋ ታይፕ ትመታለች፤ መንገደኛን ፀሐይ ይመታዋል፤ ዕቅድ ግቡን ይመታል፤ ግጥምም ቤት ይመታል። «በላ» ቢባል እንጀራ ይበላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ብረትን ዝገት ይበላዋል፣ ሰውነትንም የሚያሳክክ ነገር ይበላዋል። ይህን ሁሉ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳያስብበት ይናገረዋል። ስለዚህ መምህሩ የ«ጌት»ን ትምህርት በእነዚህ ምሳሌዎች ቢጀምር ተማሪው የውጭው ቋንቋ በተለየ ሁኔታ የተዘበራረቀ ነው ከማለት ይድናል። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ከዚሁ ጋር ብዙ ታግለዋል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት «ቴክ» ለተባለው ግሥ ብቻ 134 ፍቺዎችን ዘርዝሯል።

የቃሉ አመጣጥ

«ጌት» በትውልዱ እንግሊዝኛ አይደለም። ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች በቋንቋቸው «ጌታ» የሚል ግሥ ነበራቸው፤ ድምፁ ከአማርኛው «ጌታ» ጋር ቢገጥምም ዝምድና የለውም። የጥንቱ እንግሊዝኛ በበኩሉ የዚህን ቃል ዘመድ ብቻውን ሳይሆን ከሌላ ክፍል ጋር ተጣምሮ ይጠቀምበት ነበር፤ «ረሳ» ማለት የሆነው «ፎርጌት» የዚያ ቅሪት ነው። የሥሩ ጥንታዊ ፍቺ «ጨበጠ፣ ያዘ» ነው። በዚህ መሠረት መርሳት ማለት ጨብጠውት የነበረውን ነገር ከእጅ መልቀቅ ነበር ማለት ነው።

ከመያዝ ወደ ማግኘት ያለው መንገድ አጭር ነው። ቀጥሎም የሚገኘው ነገር ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ቦታ ሲሆን ግሡ «ደረሰ» የሚለውን ሐሳብ ያዘ፤ የሚደረስበት ነገር ቦታ መሆኑ ቀርቶ ሁኔታ ሲሆን ደግሞ ወደ መለወጥ ትርጕም ተሻገረ። የዚህ ጕዞ የመጨረሻው እርምጃ በአማርኛም የታወቀ ነው። መንገደኛ ከከተማ ይደርሳል፤ እህልም ይደርሳል፤ ምድጃ ላይ የተጣደው ወጥም ይደርሳል። ከቦታ ወደ ሁኔታ የተደረገው ሽግግር በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እንግሊዝኛው በአንዱ ግሥ እጅግ ርቆ መሄዱ ነው።

ፍቺውን የሚወስነው ተከታዩ ቃል ነው

አማርኛው «መታ» ፍቺው የሚለዋወጠው አብሮት በሚመጣው ስም ዓይነት ነው። «ጌት» ግን ከዚህም አልፎ፣ ከኋላው የሚከተለው ቃል ስም ነው ወይስ ቅጽል፣ የቦታ ቃል ነው ወይስ ሌላ ግሥ በሚለው ይወሰናል። ይህ ለመምህሩ መልካም ዜና ነው። ፍቺዎቹ እጅግ ብዙ ቢመስሉም የሚከተሉት የቃል ዓይነቶች ጥቂት ናቸውና ተማሪው «ጌት»ን ባየ ቍጥር ዓይኑን አንድ እርምጃ ወደ ፊት እንዲያሳልፍ ማስለመድ ይቻላል።

ስም ሲከተለው ነገሩ ቀላል ነው። ማግኘት፣ መቀበል፣ መግዛት፣ ሄዶ ማምጣት ሁሉ በዚህ ይጠቃለላሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ ሊባል ይገባል። «ሂ ጎት ኤ ኮልድ» የሚለው «ጉንፋን ያዘው» ማለት ነው፤ በአማርኛ ጉንፋኑ ሰውየውን ሲይዘው በእንግሊዝኛ ሰውየው ጉንፋኑን ይይዛል። ቦታ ሲከተለውም «ደረሰ» ወይም «ገባ» ነው። «ጌት ቱ ስኩል» ከትምህርት ቤት መድረስ፣ «ጌት ሆም» ከቤት መግባት ነው፤ በሁለተኛው ዘንድ «ቱ» የሚለው መስተዋድድ የማይገባ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ብዙ ሥራ የሚጠይቀው ቅጽል የሚከተለው «ጌት» ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪው ተማሪ አቻ ቃል ፍለጋ ይደክማል፤ አያገኝምም፤ ምክንያቱም አማርኛ ለዚህ ሐሳብ የተለየ ቃል አያስፈልገውም። «ደከመ»፣ «ጨለመ»፣ «አረጀ»፣ «ሞቀ»፣ «ረጠበ» የሚሉት ግሦች ለውጡን በራሳቸው ውስጥ ይዘውታል። እንግሊዝኛ ጥቂት እንዲህ ያሉ ግሦች ቢኖሩትም በዕለታዊ ንግግር የሚመርጠው «ታየርድ»፣ «ዳርክ»፣ «ኦልድ»፣ «ሆት»፣ «ዌት» የሚሉትን ቅጽሎች ነው። ቅጽል ደግሞ ያለውን ሁኔታ እንጂ መለወጡን አይናገርምና እንቅስቃሴ የሚሰጠው ረዳት ያሻዋል፤ ይህንንም የሚያደርገው «ጌት» ነው።

ከዚህ የሚወጣው የማስተማሪያ ደንብ ለክፍል የሚመች ነው። አማርኛ «ደክሞኛል» ሲል እንግሊዝኛ «አይ አም ታየርድ» ይላል፤ ሁኔታው ተፈጽሟልና «ጌት» አያስፈልግም። አማርኛ «እየደከመኝ ነው» ሲል ግን እንግሊዝኛ «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ» ማለት አለበት። እንዲሁም «መሽቷል» እና «እየመሸ ነው» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት «ኢት ኢዝ ሌት» እና «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ሌት» በሚሉት መካከል ያለው ነው። እንግዲህ የሁኔታ ግሥ «እየ» የሚለውን መነሻ ይዞ ሲመጣ በእንግሊዝኛው ወገን «ጌቲንግ» ብዙውን ጊዜ ይጠብቃል። ተማሪው ለግሡ አቻ የሚያገኘው ከአማርኛ ቃላት መካከል ሳይሆን ከአማርኛ ግሥ ቅርጽ ውስጥ ነው።

ደንቡ ግን ወሰን አለው። «ልጁ መምህር ሆነ» ለማለት «ሂ ጎት ኤ ቲቸር» ቢባል ትርጕሙ «መምህር አገኘ» ወይም «መምህር ተቀጠረለት» ይሆናል፤ የተከተለው ቅጽል ሳይሆን ስም ነውና። በዚህ ጊዜ «ቢኬም» የሚለው ግሥ ግድ ነው። ወተት ሲበላሽ ወይም ሰው ሲታወር ደግሞ እንግሊዝኛ በልማድ «ጎ» የሚለውን ግሥ ይመርጣል፤ ለዚህ የሚሰጥ ምክንያት ከመፈለግ ማስጠናቱ ይሻላል።

ተማሪዎች ግሥ ሲያጠኑ በሦስተኛው ረድፍ የሚጽፉት መልክ፣ ማለትም ፓስት ፓርቲስፕል፣ «ጌት»ን ሲከተል የአማርኛው «ተ» ይመጣል። «ጌት ማሪድ» መጋባት፣ «ጌት ስቶለን» መሰረቅ፣ «ጌት ብሮክን» መሰበር ነው። አንዳንድ መምህራን ይህን አነጋገር የመንገድ ቋንቋ ነው ብለው ተማሪው በ«ቢ» እንዲተካው ያዛሉ። ይሁንና ትእዛዙ ሁልጊዜ አይጠቅምም። «ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክን» የሚለው ዐረፍተ ነገር «መስኮቱ ተሰበረ» ወይም «መስኮቱ ተሰብሮ ነበር» ሊሆን ይችላል። «ዘ ዊንዶው ጎት ብሮክን» ከተባለ ግን ሁለተኛው ትርጕም ይቀራል። አማርኛ እነዚህን ሁለት ሐሳቦች በጥንቃቄ ይለያል። በመሆኑም ተማሪው በራሱ ቋንቋ የለመደውን ልዩነት በእንግሊዝኛም እንዲጠብቅ የሚረዳው ይኸው የተናቀው ግሥ ነው።

በግሡና በሦስተኛው ረድፍ መካከል ሌላ ስም ሲገባ ነገሩ ይረቃል። «ሂ ጎት ሂዝ ዎች ሪፔርድ» ማለት «ሰዓቱን አስጠገነ» ነው። «ሂ ጎት ሂዝ ሌግ ብሮክን» ግን «እግሩን አሰበረ» ማለት አይደለም፤ «እግሩ ተሰበረበት» ማለት ነው። የዐረፍተ ነገሮቹ አሠራር አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ በፈቃድ የተደረገ፣ ሌላው ሳይፈለግ የደረሰ ነገር ነው፤ የሚለያቸውም ስለ ዓለም ያለን የተለመደ ዕውቀት ብቻ ነው። አማርኛ ለመጀመሪያው «አስ»ን፣ ለሁለተኛው «በት»ን መድቦ ስለ ለያቸው፣ ትርጕም እዚህ ላይ ለመምህሩ ጥሩ መሣሪያ ነው። «ፀጉሬን ተቆረጥሁ» የሚለውን ተማሪ «አይ ከት ማይ ሄር» ብሎ ሲጽፍ ደግሞ መቀሱን በራሱ እጅ ይይዛል፤ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» መሆን ነበረበት።

በመጨረሻው መልክ ሰው ይገባና «ቱ» ያለው ግሥ ይከተላል። «ሺ ጎት ሂም ቱ ራይት ኤ ሌተር» ማለት አግባብታ፣ ለምና ወይም አሳምና ደብዳቤ አስጻፈችው ማለት ነው። በዚህ ቦታ ብዙ ፍቺ ያለው የአማርኛው ወገን ይሆናል። «አስጻፈችው» ሲባል አስገድዳውም፣ አዝዛውም፣ ለምናውም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ለማስገደዱ «ሜድ»፣ ለማዘዙ «ሃድ»፣ ለማግባባቱ «ጎት» ይላል፤ «ቱ» የሚጨመረውም በሦስተኛው ብቻ ነው። ተማሪዎች ሦስቱንም በ«ሜድ» መጻፋቸው የተለመደ ነው፤ ሰዋስዉ ትክክል ቢሆንም እናቱን ለምኖ ጫማ ያስገዛ ልጅ እናቱን ያስገደደ ሆኖ ይነበባል።

ከዚህ ሌላ «ሃቭ ጎት» ማለት «አለኝ»፣ «ሃቭ ጎት ቱ» ማለት «ይገባኛል፣ ግድ ነው» መሆኑን፣ «ጌት አፕ»ን የመሰሉ ጥምር ግሦችም መኖራቸውን መጥቀስ ያስፈልጋል። ጥምር ግሦቹ ብዙ ናቸው፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ከሚፈሩት በላይ ቅርብ ናቸው። «ጌት ስሩ» ፈተናን ማለፍ ነው፤ አማርኛም ያው የመንገድ ምስል አለው።

በጥቂት ቃላት የመናገር ተስፋ

ቻርልስ ኬይ ኦግደን የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር በ1930 እ.ኤ.አ. ቤዚክ ኢንግሊሽ በሚል ስም 850 ቃላት ብቻ ያሉትን የእንግሊዝኛ ዓይነት አቀረበ። ከቃላቱ ውስጥ ግሦቹ 18 ብቻ ሲሆኑ «ጌት» አንዱ ነበር። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል በ1943 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር ሐሳቡን በይፋ ደግፈዋል። ሌሎቹ ግሦች ሁሉ እንዲወገዱ የተደረገው ሥራቸውን «ጌት»ና መሰሎቹ ከትንንሽ መስተዋድዶች ጋር ተጣምረው እንዲሠሩ በማሰብ ነው። ነገር ግን ሸክሙ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልቀለለም። አንድ ፍቺ ያለውን «ኦብቴይን» ማጥናት ለውጭ አገር ተማሪ ከ«ጌት» ፍቺዎች አንዱን ለይቶ ከማወቅ ይልቅ ሊቀለው ይችላል።

በቤንጋል የመምህራን ማሠልጠኛን የመራው ማይክል ዌስት የቤዚክ ኢንግሊሽ ብርቱ ተቺ ነበር። እርሱ በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሁለት ሺሕ ያህል ቃላት ያሉት ዝርዝር አንድ ቃል ምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ ከመናገር ጋር፣ ከቃሉ ፍቺዎች እያንዳንዱ በመቶ ስንት እጅ እንደሚይዝ ያሳያል። ለሥርዓተ ትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅመው ይህ አሠራር ነው። በአንድ የክፍል ደረጃ የቃላት ሠንጠረዥ ውስጥ «ጌት» አንድ ጊዜ ተጽፎ በቀጣዮቹ ክፍሎች «የታወቀ ቃል» ተብሎ ከታለፈ፣ ቈጠራው የተሟላ ቢመስልም ተማሪው የያዘው አንዱን ፍቺ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሠንጠረዡ ላይ ቃሉ እንደገና፣ ከሚከተለው የቃል ዓይነት ጋር፣ በየክፍሉ ሊገባ ይገባዋል።

የአፍ መፍቻ ቋንቋዎችም ጉዳይ አለ። ትግርኛ ተናጋሪው ተማሪ «ረኸበ»ን፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው «አርገቹ»ን እንደ አቻ ይይዛል፤ ሁለቱም ልክ እንደ «አገኘ» በስም ፊት ይሠራሉ፣ በቅጽል ፊት ግን አያገለግሉም። ኦሮምኛ ማድረግንና መደረግን የሚያመለክተው ከግሡ በኋላ በሚመጣ ቅጥያ ስለሆነ፣ ከላይ ስለ «ተ»ና ስለ «አስ» የተባለው በዚያው ቃል ሊተላለፍ አይችልም። ለአማርኛ የተዘጋጀውን ማብራሪያ ለሌሎች ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ተርጕሞ ከመስጠት ይልቅ በየቋንቋው ያሉ መምህራን የየራሳቸውን ቢያዘጋጁ የተሻለ ነው።

በክፍል ውስጥ

ሁሉንም ፍቺዎች በአንድ ቀን ሰሌዳ ላይ መደርደር ተማሪውን ከማስፈራራት በቀር ፋይዳ የለውም። በታችኛዎቹ ክፍሎች የመምህሩ ትእዛዝ ራሱ ትምህርት ነው። «ጌት አፕ» ሲባል መነሣት፣ «ጌት ዩር ቡክ» ሲባል መጽሐፍ ማውጣት፣ «ጌት ኢንቱ ግሩፕስ» ሲባል በቡድን መቀመጥ ሕፃናቱ በአካላቸው ይማሩታል፤ ትርጕምም አያሻም። ቅጽል የሚከተለው «ጌት» ስለ አየር ጠባይ ወይም ስለ ሰውነት በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ በተፈጥሮ ይገባል፤ «አስጠገነ»ንና «አስጻፈ»ን የመሰሉት ግን ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች ቢቆዩ ይመረጣል።

የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ መምህራን የቋንቋ መምህር እንዲሆኑ አይጠበቅም። ሆኖም «ጌትስ ሆተር» ብለው ወዲያው «ይኸውም ሙቀቱ ይጨምራል» ማለት ጊዜ አይወስድም። «ዱ ዩ ጌት ኢት» ብሎ ክፍሉን መጠየቅም ጥንቃቄ ይሻል። አማርኛ ለዚህ «ገባችሁ?» ይላል፤ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ የሰሙ ተማሪዎች ግን «አገኛችሁት?» ብለው ተረድተው፣ የመልሱን ቍጥር ከሰሌዳው ስለ ገለበጡ ብቻ በአንድ ድምፅ «የስ» ሊሉ ይችላሉ።

የደብተሩ አያያዝም ሊለወጥ ይገባዋል። በቃላት ዝርዝር ፋንታ ለ«ጌት» ሁለት ገጽ ተመድቦ፣ ገጹ በሚከተለው የቃል ዓይነት ተከፍሎ፣ ተማሪው ያነበበውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከነአማርኛው በየቦታው ቢያስገባ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከማናቸውም ኪስ መዝገበ ቃላት የተሻለ ማብራሪያ በእጁ ይኖረዋል። ፈተና አውጪዎችም ቃሉን ለብቻው አስቀምጠው ፍቺውን መጠየቅ የለባቸውም፤ ከዐረፍተ ነገር ውጪ ልክ የሆነ መልስ የለውምና።

እርማትን በሚመለከት አንድ ነገር ይቀራል። ከአሜሪካ ፊልሞች የሰማውን «ጎተን» የጻፈ ተማሪ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝበታል። ቃሉ የአሜሪካኖች አዲስ ፈጠራ ተደርጎ ስለሚታሰብ ነው። እውነቱ ግን እንግሊዞች የተዉትን አሮጌ መልክ አሜሪካኖች ጠብቀው ማቆየታቸው ነው፤ እንግሊዞችም ቢሆኑ «ፎርጎተን» በሚለው ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። በአሜሪካ አነጋገር «አይ ሃቭ ጎት ኤ ቡክ» ማለት መጽሐፍ አለኝ፣ «አይ ሃቭ ጎተን ኤ ቡክ» ማለት ደግሞ መጽሐፍ አግኝቻለሁ ነው፤ የእንግሊዙ አነጋገር ለሁለቱም «ጎት» ይላል። መምህሩ የእንግሊዙን መልክ የሚያስተምር ከሆነ ተማሪው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን እንዳይቀላቅል ይንገረው እንጂ ነጥብ ሊቀንስበት አይገባም።